የተይታ ራዲዮ

ባለፈው እሑድ ማኅበራችን ክፍል ውስጥ ጊታርና ክራር አብረው ሲጫወቱ የሰማችሁ እህቶች፣ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ጠይቃችሁኝ ነበር። ጥግ ላይ ካለው ጀርባው የተከፈተ አሮጌ የእንጨት ራዲዮ ነው ስላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። «ራዲዮ ደግሞ ክራር ይደረድራል እንዴ?» ያለችኝም አለች። የመጽሔቱ ልጆች ሰምተው «እንግዲያው ጻፊው» አሉኝ። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም፣ ግን ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለምና ይኸው።

ራዲዮው የተይታ ነው። ኮንትራት ላይ በነበርኩ ጊዜ አሽረፊዬ ውስጥ አንዲት አሮጊት እጠብቅ ነበር፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ተይታ ስለሚሏቸው እኔም ተይታ እላቸው ነበር። ራዲዮው ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አራት ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። ጀርመን ሠራሽ ነው፣ ፊቱ የወርቅ ክር ያለበት ጨርቅ፣ ከታች እንደ ፒያኖ የሚጫኑ ነጫጭ ቁልፎች፣ ከላይ የከተማ ስም የተጻፈበት መስታወት። ሮማ አለ፣ ቪየና አለ፣ ሉክሰምበርግ አለ። አዲስ አበባ የለም፤ ፈልጌያለሁ። ተይታ ከጦርነቱ በፊት ሠርቶ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፣ ከእኔ ጨርቅ በቀር።

ተይታ ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ሊያከራዩ ባዶ ያደርጉት ጀመር። ማዳም ራዲዮውን አየችና «ኪቢ» አለችኝ። ይህችን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን፤ ከደረስን በመጀመሪያው ሳምንት የምንማራት ናት። «ከምጥለው እኔ ልውሰደው?» አልኳት። «ውሰጂው፣ ምን ሊያደርግልሽ?» አለች። እሺ አልኩና አንድ ነገር ጨመርኩ፤ እንደሰጠሽኝ በወረቀት ጻፊልኝ፣ ፈርሚበት አልኳት። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «አታምኚኝም?» አለች። «አንቺንማ አምናለሁ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝን ሰው ግን አላውቀውም» አልኳት። ቆይታ ሳቀች፣ የመድኃኒት ፖስታ ጀርባ ላይ ጽፋ ፈረመች፣ ስልክ ቁጥሯንም አስቀመጠች። ያን ፖስታ አሁንም ራዲዮው ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ሰርቪስ ይዤ ራዲዮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሄድ አንድ ጊዜ አስቁመውኝ «ይኼን ከየት አመጣሽ?» ተብያለሁ። ወረቀቱን አሳየሁ፣ አነበቡ፣ መለሱልኝ። ወረቀቱ ባይኖር ምን እመልስ ነበር?

አምፕሊፋየር የመሥራት ሐሳብ የመጣው ግን ከተይታ ቤት አይደለም። ፍሪላንስ ከሆንኩ በኋላ ዳውራ አካባቢ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራየን። እሑድ እሑድ ወደ ቤታችን የምትመጣ አንዲት የማዳጋስካር ልጅ ነበረች። የምትሠራበት ቤት ጊታር ማምጣት ስለማይፈቀድላት ጊታሯን እኛ ዘንድ ታስቀምጠዋለች። ከእሑድ ገበያ በርካሽ የገዛችው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ እንደ ክራር ወይም እንደ ተራው የእንጨት ጊታር ሆድ የለውም፤ ድፍን እንጨት ነው። ያለ አምፕሊፋየር ስትመታው የዝንብ ጩኸት ታህል ነው ድምፁ። ልጅቷ ግን ጣቷ! አጎንብሳ፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠግታ ስትጫወት ከጎኗ ያለችው ብቻ ነበር የምትሰማው። እኔ ሦስተኛ ወንበር ላይ ሆኜ ጣቶቿን አያለሁ እንጂ ምንም አልሰማም። አንድ ቀን «በዓመቱ መጨረሻ አገሬ ልገባ ነው» አለችን። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ሳንሰማት ልትሄድ ነው ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ ወንድሜ ቴፕ ሲጠግን ባትሪ እያበራሁለት እቀመጥ ነበር። ከዚያ የቀረችኝ እውቀት ትንሽ ናት፤ ማንኛውም የሚጮህ ዕቃ ውስጥ ትንሹን ድምፅ ትልቅ የሚያደርግ ክፍል እንዳለ አውቃለሁ። ራዲዮም ቢሆን ከአየር የለቀመውን ካጣራ በኋላ መጨረሻው ላይ አምፕሊፋየር ነው። የተይታ ራዲዮ ጀርባ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አጠገቡ የሸክላ ምልክት ተስሎበታል። ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ነው። ሸክላ ከተሰካበት ጊታር ለምን አይሰካበትም? አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳልሰካው በፊት ሰው ጠየቅሁ።

የጠየቅኋቸው ሰው ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ሙዓሊም ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ራዲዮውን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ ከየት አመጣሽው አላሉኝም። መልሰው አዞሩትና የጀርባውን ካርቶን ፈቱ። ውስጡ እንደ ትናንሽ የመስታወት ጠርሙስ የቆሙ አምፖሎች አሉ። ቫልቭ ይባላሉ። እሳቸው «ላምባ» ነው የሚሏቸው፣ ለእኛ ግን ላምባ የኩራዝ ጋዝ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቶኝ ነበር። አንድ በአንድ በመነጽር አነበቡና «ሁሉም ኢ ነው፣ ጥሩ» አሉ።

ይህችን «ኢ» ልብ በሉልኝ፤ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሷን ያዙ። የአውሮፓ ቫልቮች ስማቸው በፊደል ይጀምራል። በኢ የሚጀምር ከሆነ ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ክር በ6.3 ቮልት የምትሠራ ናት፤ እንዲህ ያለው ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው 220 ቮልት የሚለየው ትራንስፎርመር አለው። በዩ የሚጀምር ከሆነ ግን ማሞቂያዎቹ እንደ ገና መብራት በአንድ መስመር ተያይዘው በቀጥታ ከግድግዳው ነው የሚበሉት፤ ያ ዓይነቱ ራዲዮ ባብዛኛው ትራንስፎርመር የለውም። ከሶኬቱ ሁለት ገመዶች አንዱ በቀጥታ የራዲዮው ብረት ላይ ይታሰራል። ራዲዮው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ስላለ የሚያዳምጠው ሰው ብረቱን አይነካም። ጊታር ሲሰካበት ግን የጊታሩ የብረት ክሮች ከዚያ ብረት ጋር አንድ ይሆናሉ። ሙዓሊም እንዲህ አሉኝ፤ «ዩ ቢሆን ኖሮ ልጄ፣ ጊታሩን የያዘችው ጓደኛሽ የያዘችው ግድግዳውን ነው። ይዘሽው ተመለሺ እልሽ ነበር።» በኋላም ኢ መሆኑን አይተው ብቻ አላመኑም፣ በቴስተር ለክተው ትራንስፎርመሩ ደህና መሆኑን አረጋገጡ።

ሥሩልኝ ብዬ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ ይወስዳል። ዝም ስል አዩኝና «ካዊ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እንዴ! ካውያማ ሰባት ዓመት ሙሉ ከእጄ ወርዶ ያውቃል? አዎ አልኳቸው። ከመሳቢያ ያወጡት ግን የልብስ ካውያ ሳይሆን ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ መበየጃ ነው። ስቄ ነገሩን ሳስረዳቸው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ «ያው ነው፣ ሁለቱም ሙቀት ነው፣ ኑሪና ተማሪ» አሉኝ። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ሱቃቸውን ጠርጌ፣ ቡና አፍልቼ፣ ጥግ ላይ እቀመጥ ጀመር። መጥረጉን እሳቸው አላዘዙኝም። እጄ ለምዶ ነው።

ብየዳ እንዲህ ነው። ቀልጦ የሚያያይዘውን ሽቦ መበየጃው ላይ ማቅለጥ ሳይሆን ሁለቱን ብረቶች አሙቆ ብረቱ ራሱ እንዲያቀልጠው ማድረግ። ልክ ሸሚዝ ስንተኩስ ጨርቁ ካልሞቀ እጥፋቱ እንደማይሄደው ማለት ነው። በደንብ የተያዘ ብየዳ እንደ ውሃ ጠብታ ያበራል፤ ቸኩለሽ የተውሽው እንደ አመድ ይደበዝዛል፣ ሲነካ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ያህል ብየዳዎቼን ሙዓሊም በጥፍራቸው እየነቀሉ ጣሉብኝ። ውስጡ እርሳስ ስላለበት መስኮት ክፈቱ፣ ከጨረሳችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ራዲዮው ከ60 ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም፤ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚበላሸው ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር የውሃ ታንከር በሉት፤ ኤሌክትሪኩ እየቆራረጠ ሲመጣ ያጠራቅምና አስተካክሎ ያወርዳል። ትልልቆቹ ውስጣቸው ርጥበት ያለው ነገር ስላለ በዘመን ይደርቃል። አውጥተን በአዲስ 47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት በሚችሉ ተካናቸው። ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስኬደው ሴሌኒየም የሚባለውን ቁራጭ ደግሞ ሙዓሊም አላመኑትም። ሲቃጠል የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በእሱ ፈንታ ሩዝ የሚያህሉ አራት ዳዮዶች ገቡ። ሦስተኛው ወደ ትልቁ ቫልቭ የምትገባዋ ትንሿ ካፓሲተር ናት። እሷ ካፈሰሰች ቫልቩ ከልኩ በላይ ይጠጣል፣ ውስጡ ያለው ብረት እንደ ምድጃ ይቀላል። እሷንም ቀየርን።

ከዚያ ራዲዮውን ቤት ወሰድኩት። ሙዓሊም አንድ ነገር ሠርተው ሰጡኝ፤ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ከራዲዮው ገመድ ጋር በመስመር የተያያዘ። ሲሰካ አምፖሉ በአንዴ ደምቆ ደብዘዝ ካለ ውስጡ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ የተጣበቀ ነገር አለ፣ ንቀዪው። የእኛው ደመቀ፣ ደበዘዘ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከበር ላይ ሆና «ፈነዳ?» እያለች ነበር።

አሁን የማይረሳኝን ልንገራችሁ። ሙዓሊም ትልቁን ቫልቭ አውጥተሽ፣ ቮልቱን ለክተሽ፣ ጽፈሽ አምጪልኝ ብለውኝ ነበር። ትልቁ ቫልቭ ኢኤል84 ይባላል፣ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚገፋው እሱ ነው። አወጣሁት፣ ሰካሁ፣ ለካሁ፣ 290 ቮልት። ልጽፍ እስክሪብቶ ሳነሳ ክፍሉ ጨለመ። የኢሽቲራኩ ሞተር ጠፋ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ እዚህ አገር ማንም አይደነግጥም። ስልኬን አብርቼ፣ መብራት ከሌለ ምን ይነካኛል ብዬ የለቀቀች የመሰለችኝን ሽቦ ልገፋት እጄን ሰደድኩ።

ምን እንደሆነ በቃል ለመንገር ይቸግራል። ሰው በዱላ ክርኔን የመታኝ ነው የመሰለኝ። ወደ ኋላ ወድቄ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጨሁ። ስልኩ ወለል ላይ እያበራ፣ ልቤ እየዘለለ፣ ጣቴ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስትጮህ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። በማግሥቱ ሁለት ቤት የማጸዳበት ቀን ነበር። ሄድኩ። ቀኝ እጄ ባልዲ አላነሳ ብሎ በግራዬ ሠራሁ፣ ማዳሟ ስትጠይቀኝ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኩ። ማታ ስመለስ ጓደኛዬ ራዲዮውን በረንዳ ላይ አውጥታው ነበር። «ገዳይ ዕቃ እኔ የምተኛበት ቤት ውስጥ አልፈልግም። ብትሞቺ ለእናትሽ ምን ብዬ ነው የምደውለው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ልክ ነበረች። ከእኛ አንዷ ስትሞት ሬሳዋን ለመላክ ስንት ሰው ስንት ቦታ እንደሚለምን ሁለታችንም አይተናል።

ሦስት ሳምንት አልነካሁትም። ሐሙስ ወደ ሙዓሊምም አልሄድኩም። በኋላ የማዳጋስካሯ ልጅ የትኬት ቀኗን ስትነግረኝ፣ የቀረን ስድስት እሑድ መሆኑን ቆጥሬ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ ግን ቀለማቸው ጠፋ። ከዚያ አስረዱኝ። መብራት ቢጠፋም ታንከሩ ሙሉ ነው። ቫልቩ ቦታው ላይ ቢኖርና ቢሞቅ ኖሮ መብራት ሲጠፋ የቀረውን በጥቂት ሰከንድ ጠጥቶ ይጨርሰው ነበር። አንቺ ግን ቫልቩን አውጥተሽዋል፤ የሚጠጣው የለም፣ ስለዚህ 290 ቮልቱ እንዳለ ቁጭ ብሎ ጠበቀሽ። ጥፋቱንም ወደ ራሳቸው ወሰዱ፣ «ሳልነግርሽ የላክሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

የዚያን ቀን ሁለት ነገር ሠራን። አንደኛው፣ ከታንከሩ ጫፍ እስከ ብረቱ ባለ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለዘለዓለሙ በየድን። ማንም ባይጠጣው እሱ ቀስ እያለ ያፈሰዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ በላስቲክ የተሸፈነ ቆንጣጭ ያለው ገመድ ላይ 10 ኪሎ ኦም አስረን፣ ከመንካት በፊት ታንከሩን በእሱ ማራገፍ፣ ከዚያ በቴስተር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማየት። ግራ እጅ ኪስ ውስጥ፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ልብን ነውና የሚያቋርጠው። ይህን ሁሉ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ራዲዮው ክዳን ውስጥ ለጠፍኩት። በረንዳውን ላዘዘችው ጓደኛዬም አነበብኩላት። «እኔ አልነካውም፣ አንቺም ሌሊት አትንኪው» ብላ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ የሚል ነበር። ሸክላው ቀዳዳ ላይ ጊታር ሱቁ ውስጥ ሞክረን ነበር፣ ይሰማል፣ ግን እንደ ሹክሹክታ ነው። የጊታር ድምፅ የሚጀምረው ክሩ ማግኔት ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ፊት ሲርገበገብ ነው። ከዚያ የሚወጣው ከሸክላው ያነሰ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ኢሲሲ83 የሚባል ትንሽ ቫልቭ ነው፣ በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ማጉያ አለው። ያገለገለ አገኙልኝ፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ዋጋ። ራዲዮ ጣቢያ የሚለቅሙትን የቀሩትን ቫልቮች አወጣናቸው። ከአንዱ ባዶ መቀመጫ ላይ የድሮ ሽቦዎቹን ነቅዬ አዲሱን እዚያ ሰካሁ።

ሽቦዎቹን የበየድኩት ራሴ ነኝ፣ ሙዓሊም በሳሉት ሥዕል። ከጊታሩ መግቢያ ወደ ብረቱ 1 ሜጋ ኦም፣ ወደ ቫልቩ 68 ኪሎ ኦም፣ ከላይ 100 ኪሎ ኦም፣ ከታች 1.5 ኪሎ ኦም። ሥዕሉን ሳይ መጀመሪያ ላይ የጥንቆላ ክታብ መስሎኝ ነበር። አብርተን ስናይ ግን አዲሱ ቫልቭ በጭንቅ ነው የሚቀላው፣ ድምፅም የለም። ቀኑን ሙሉ ብየዳዬን ስፈትሽ ዋልኩ። ሙዓሊም ከቡናቸው ቀና ብለው «የማሞቂያው እግር ስንት ቁጥር ላይ ነው?» አሉ። 4 እና 5 ላይ አልኩ፣ እንደ ድሮው። ሳቃቸውን ለቀቁት። ያ መቀመጫ የነበረበት ቫልቭ ማሞቂያው 4 እና 5 ነው። ኢሲሲ83 ግን 4 እና 5 በአንድ ላይ ታስረው ሌላኛው ሽቦ 9 ላይ ካልሄደ 6.3 ቮልቱ አይበቃውም። አንዷን ሽቦ አዛወርኩ። ቀላ። ጊታሩን አልሰካንም ነበር፣ ሙዓሊም መግቢያውን በጣታቸው ሲነኩት ስፒከሩ «ብርርር» አለ። ቡና ያፈሰስኩት ያኔ ነው።

የሚያባብል ጥቃቅን ነገር ደግሞ አለ። መጀመሪያ ላይ ስፒከሩ ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ያለማቋረጥ ይዝም ነበር። ወደ ማሞቂያዎቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ስንጎነጉናቸው አብዛኛው ጠፋ። ሹሩባ ደግሞ ለእኔ! ሙዓሊም ከእኔ ጥብቅ ጉንጉን አይተው አያውቁም። ቫልቮቹን ስላወጣን ቮልቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ በአንድ ወፍራም የሴራሚክ ሬዚስተር ወደ 255 አወረድነው። የኢኤል84 እግር ላይ 7 ቮልት ስናነብ «በቃ፣ አሁን ጤነኛ ነው» አሉ። የራዲዮው ፊት ላይ ያለችው አረንጓዴ ዓይን፣ ድሮ ጣቢያ ሲገኝ የምትጨፍነው፣ እንድትቀር ለመንኳቸው። ለሥራው አታስፈልግም ነበር። በአንዲት ዳዮድ አያይዘዋት አሁን ክር በተመታ ቁጥር ታንቀላፋለች። ደብዛዛ ናት፣ ግን አለች።

የመጨረሻው ነገር የምድር ገመድ ነው። የምንኖርበት ቤት አሮጌ ስለሆነ ሶኬቶቹ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ናቸው፣ ምድር የላቸውም። ሙዓሊም ባለ ሦስት ሽቦ ገመድና ፊውዝ አስገብተውለት፣ ምድር በሌለበት ቦታ ጊታር እንዳልሰካበት አስማሉኝ። የማኅበራችን ክፍል ሶኬት ምድር እንዳለው ሰው አምጥተን አስለክተናል። ራዲዮው እዚያ የተቀመጠው ለዚህ ነው እንጂ ለማሳየት አይደለም። ኢሽቲራካችን 5 አምፔር ብቻ ስለሆነች የፈራችሁ ደግሞ፣ አይዟችሁ፤ ከአንድ የድሮ አምፖል በላይ አይበላም። ካውያ ሲሰካ ነው ሁሉም የሚጠፋው።

የመጀመሪያው እሑድ ሰባት ስምንት ሰው ነበርን። ልጅቷ ጊታሯን ሰካች፣ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ረዝማለች። ከዚያ አንድ ክር መታች። ድምፁ ከጨርቁ ውስጥ ሞቆ፣ ወፍሮ ወጣ። ልጅቷ እጇን አንስታ ራዲዮውን አየችው። ደግማ መታች። ከዚያ በአገሯ ሳሌጊ የሚባለውን የጀመረች ጊዜ፣ ሳናስበው ትከሻችን ተነሣ። ሳሌጊና የእኛ ችክችካ ሁለቱም በስድስት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እሷ ከባሕር ማዶ ይዛው መጥታ እኛ እስክስታ መታንበት። አንዷ እህታችን ክራሯን አነሣች፣ ግን ከጊታሩ ጋር ማን ይሰማታል? አሁን ተራው የክራር ሆነ።

የክራሯ ክር ናይለን ስለሆነ የጊታር ማግኔት አይሰማውም፤ ማግኔት ብረት ነው የሚያውቀው። ሙዓሊም ከተሰበረ የሕፃን መጫወቻ ውስጥ ሲጮህ የነበረውን ሳንቲም የሚያህል ነሐስ አወጡልኝ። ያ ነገር ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይጮሃል፣ ሲነቀንቁት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ክሮቹ ከሚያርፉባት እንጨት አጠገብ ቆዳው ላይ በማጣበቂያ ለጠፍነው። እንዲህ ያለው ነገር መግቢያው ጠባብ ከሆነበት ድምፁ ይቀጥናል፣ የእኛ 1 ሜጋ ኦም ግን ይስማማዋል። ልጅቷ ትዝታ ስትደረድርበት በጣት ጫፍና በክሩ መካከል ያለው ሹክሹክታ ሁሉ ተሰማ። ድምፁን ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ አናቱን ማጠፍ ይጀምርና ይሻክራል። ለጊታር ያምራል፤ ለክራር አይሆንም፣ ቢያንስ ለእኔ ጆሮ። የክራሯ ባለቤት ግን ያምራል ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።

አራት እሑድ ሰማናት። አምስተኛው ላይ በረዶና ዝናብ ነበር፣ መኪናም ጠፋ። ስድስተኛው ላይ ሻንጣዋን አብረን ዘጋን። ጊታሩን ይዛው ሄደች። አገሯ ደርሳ ድምፅ ስትልክልኝ ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ነው የምትጫወተው፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን «ዓይን የለውም» አለችኝ።

አሁን ራዲዮው ላይ የሚሰካው ክራሩና አንዲት የኢትዮጵያ ልጅ በቅርቡ የገዛችው ጊታር ነው። ኢኤል84ቱ እየደከመ ነው፤ የእግሩ ቮልት ከ7 ወርዶ 5 ገብቷል። ሙዓሊም ሱቅ ውስጥ አንድ ብቻ ቀርቷል፣ እሱንም ለእኔ ብለው ለይተውታል። ስለዚህ እህቶቼ፣ የምትሠሩበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ራዲዮ ኪቢ ከተባለ፣ ከኋላ ቫልቮቹን እዩልኝ፣ በኢ ይጀምራሉ ወይ። የሚጀምሩ ከሆነ እሑድ ይዛችሁልኝ ኑ። ከማንሳታችሁ በፊት ግን ማዳም ትጻፍላችሁ፣ ትፈርም፣ ስልኳንም ታስቀምጥ።